ስዋሂሊን በአማርኛ በኩል እንማር፦ ግሱ እንዴት ይገጣጠማል፣ ስሙስ ቃሉን ሁሉ ለምን ያስከትላል

«ሃዋታኩኑኑሊአ»። ይሄን ቃል መጀመሪያ ያየ ሰው መጽሐፉን ዘግቶ ሊነሳ ይችላል። ትርጉሙ ግን «አይገዙልህም» ነው፣ እና እስቲ «አይገዙልህም» የሚለውን የራሳችንን ቃል ቆም ብላችሁ እዩት፣ አሉታው አለ፣ «እነሱ» አለ፣ መግዛት አለ፣ «ላንተ» የሚለውን የምታመጣው ል አለች፣ ህ አለች፣ መጨረሻ ላይ ም። ይሄ ሁሉ ባንድ ቃል! ስዋሂሊውም ያው ነው፦ ሃ (አሉታ)፣ ዋ (እነሱ)፣ ታ (ወደፊት)፣ ኩ (አንተን)፣ ኑኑ (መግዛት)፣ ሊ (የኛ ል)፣ አ (መዝጊያ)። ልዩነቱ እኛ «አንተን» የሚለውን ከግሱ ኋላ እናስቀምጣለን እነሱ ከፊት ያስቀምጣሉ፣ በቃ።

ይሄን የምጽፈው ብዙ ሀበሻ ናይሮቢም ዳሬሰላምም ካምፓላም ሄዶ ስዋሂሊን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲማር ስለማይ ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የተጻፈው ግስ ውስጥ «እኔ»ም «አንተ»ም ገብቶ አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው፣ ስለዚህ ግማሹን ገጽ የሚፈጀው እኛ ከእናታችን ጋር የጠጣነውን ነገር በማስረዳት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግሱን በአማርኛው አስታኮ ቶሎ ማለፍ ይችላል፣ ጉልበቱን ማዋል ያለበት እኛ ጋር ጭራሽ በሌለው ነገር ላይ ነው፣ እሱም የስም ምድብ። ሁለቱንም በተራ እንያቸው።

ከዛ በፊት ስለ ድምፁ ትንሽ። ስዋሂሊ አምስት አናባቢ ነው ያለው፣ ካዕብ ሳልስ ራብዕ ሐምስና ሳብዕ። ሳድስ የምትመስል ነገር የምትሰሙት ም ወይ ን ለብቻዋ ቃል ስትጀምር ነው፣ እንደ ምቱ (ሰው) እና ንዲዚ (ሙዝ)። ፈረንጅ የሚቸገርበት ኘ ለኛ ምንም አይደለም፣ ኙምባ (ቤት)፣ ኛማ (ሥጋ)። ጎላ ብሎ የሚነገረው ሁሌ ማለት ይቻላል ከመጨረሻው በፊት ያለው ድምፅ ነው። ስለዚህ ፊደላችን ስዋሂሊን በደንብ ይይዛል፣ መጀመሪያ አካባቢ ማስታወሻችሁን በፊደል ብትይዙ ምንም ችግር የለውም።

እሺ ግሱ። ከፊት የሚመጡት ባለቤቶች ኒ (እኔ)፣ ኡ (አንተም አንቺም)፣ አ (እሱም እሷም)፣ ቱ (እኛ)፣ ም (እናንተ)፣ ዋ (እነሱ) ናቸው። ወንድና ሴት አይለይም፣ አንቱም በግሱ ላይ የለም፣ አክብሮቱ የሚታየው በሰላምታና በአጠያየቅ ነው፣ በእድሜ ለሚበልጣችሁ «ሺካሞ» ትላላችሁ እሳቸው «ማራሃባ» ይላሉ፣ ስትጠይቁም «ናታካ» (እፈልጋለሁ) ከማለት «ናኦምባ» (እለምናለሁ) ማለት ነው ያደገ ሰው ንግግር። «ናኦምባ ማጂ»፣ ውሃ ስጡኝ እባካችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጊዜ ይገባል፣ ና፣ ሊ፣ ታ፣ ሜ። ሶማ ማንበብ ነው፦ ኒናሶማ እያነበብኩ ነው ወይ አነባለሁ፣ ኒሊሶማ አነበብኩ፣ ኒታሶማ ወደፊት አነባለሁ፣ ኒሜሶማ አንብቤያለሁ። እዚህ ላይ ሊ እና ሜ መሃል ያለውን ልዩነት በሌላ ቋንቋ ለመረዳት አትድከሙ፣ «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ነው፣ ኒሊኩላ እና ኒሜኩላ። እንደውም የኛ ከማንም በላይ ይቀርበዋል፣ ምክንያቱም እኛ አልጋ ላይ ያለን ሰው «ተኝቷል» ነው የምንለው፣ ወንበር ላይ ያለውን «ተቀምጧል»፣ ኮት ያደረገውን «ለብሷል»፣ ድርጊቱ አልቆ ሁኔታው ቀርቷል ማለት ነው። ስዋሂሊም አሜላላ፣ አሜካአ፣ አሜቫአ ይላል፣ ሁሉም በሜ። እንግሊዝኛ አስቦ የሚናገር ሰው እዚህ ጋር ና ይከትና ይሳሳታል፣ እናንተ በአማርኛ ካሰባችሁ ትክክሉ ራሱ ይመጣል።

አሉታው ላይ ግን ዝግ በሉ። በአሁን ጊዜ ና ይወጣል፣ መጨረሻው አ ወደ ኢ ይቀየራል፦ ሲሶሚ (አላነብም)፣ ሁሶሚ፣ ሃሶሚ፣ ሃቱሶሚ፣ ሃምሶሚ፣ ሃዋሶሚ። ላለፈ ኩ ይገባል፣ ሲኩሶማ (አላነበብኩም)። ለወደፊት ታ እንዳለ ይቆያል፣ ሲታሶማ። ለሜ ደግሞ ጃ ይመጣል፣ ሲጃሶማ፣ ይሄ «ገና አላነበብኩም» ነው፣ «ገና» የምትለው ጃ ውስጥ ገብታለች፣ ምሳ በላህ ወይ ሲሏችሁ «ሲጃላ» ካላችሁ ገና ነኝ ማለት ስለሆነ ሳህን ይቀርብላችኋል።

አሁን ትንሿን ግን የምታጣላዋን ነገር ላሳያችሁ። ኩ ሁለት ሥራ አላት፣ «አንተን» ማለትም ነች፣ ያለፈ ጊዜ አሉታም ነች። «ሲኩፔንዲ» አልወድህም (ወይ አልወድሽም) ነው፣ «ሲኩፔንዳ» ደግሞ አልወደድኩም። ያለችው ልዩነት መጨረሻ ላይ ያለች አንድ አናባቢ ናት! ኢ ካለ የአሁን ነው፣ ስለዚህ ኩ «አንተን» ትሆናለች፣ አ ካለ ኩ ያለፈ ጊዜ ናት። ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ኩኩ ይሆናል፣ «ሃኩኩኦና» (አላየህም፣ እሱ አንተን)። ይቺን ጮክ ብላችሁ አስር ጊዜ በሏት፣ ሌላ መድኃኒት የላትም።

ሁለት አይነት አስቸጋሪ ግሶች አሉ፣ ቶሎ ልለፋቸው። አንደኛው አጫጭሮቹ፣ ላ (መብላት)፣ ጃ (መምጣት)፣ ኝዋ (መጠጣት)፣ ፋ (መሞት)፣ እነዚህ ብቻቸውን መቆም ስለማይችሉ በና በሊ በታ በሜ ጊዜ ኩ ይዘው ይመጣሉ፣ ኒናኩላ እንጂ ኒናላ አይባልም። ሁለተኛው ከዐረብኛ የመጡት ናቸው፣ ፊኪሪ (ማሰብ)፣ ጂቡ (መመለስ፣ መልስ መስጠት)፣ ሩዲ (መመለስ)፣ መጨረሻቸው አ ስላልሆነ በአሉታ ጊዜም አይነካም፣ ሲፊኪሪ፣ ሲጂቡ፣ ሲሩዲ።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል፣ የግስ ጭራ። እኛ «ሰበረ»ን ይዘን ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ተሰባበረ እያልን እንደምናረባው እነሱም ያረባሉ፣ ልዩነቱ የኛ ከፊትና ከመሃል ነው የነሱ ከኋላ። ፔንዳ መውደድ፣ ፔንድዋ መወደድ፣ ፔንዳና መዋደድ። አንጉካ ወደቀ፣ አንጉሻ ጣለ። ሩዲ ተመለሰ፣ ሩዲሻ መለሰ። ኤንዳ ሄደ፣ ኤንዴሻ ነዳ፣ ቃል በቃል «አስኬደ» ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ግስ ስትይዙ አራት ግስ ያዛችሁ ማለት ነው፣ ዝርዝር ከመሸምደድ ይሄ ይሻላል።

«ገዛልኝ» የምንላት ል ደግሞ ስዋሂሊ ውስጥ ኢአ ወይ ኤአ ናት። ፒካ አበሰለ፣ ፒኪአ አበሰለለት፣ «አሊኒፒኪአ» አበሰለልኝ። ሌታ አመጣ፣ ሌቴአ አመጣለት። ግሱ ውስጥ ኤ ወይ ኦ ካለ ኤአ ነው፣ ካልሆነ ኢአ። ግሱ በሁለት አናባቢ ካለቀ ደግሞ መሃል ላይ ል ትገባለች፣ ኑኑአ (ገዛ)፣ ኑኑሊአ (ገዛለት)፣ ይቺ ል ከኛ ል ጋር ዝምድና ባይኖራትም ለማስታወስ ግን ትጠቅማለች። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እኛ «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» ብለን እንለያለን፣ ስዋሂሊ ለሁለቱም አንድ ጭራ ነው ያለው፣ ጥሩ ይሁን መጥፎ ከወሬው ነው የሚታወቀው።

ወጥመድ የሚሆንብን እዚህ ጋር ነው፦ «ተሰበረ» እኛ ጋር አንድ ነው፣ እነሱ ጋር ሁለት። ኪኮምቤ (ኩባያ) ራሱ ወድቆ ቢሰበር «ኪሜቩንጂካ»፣ ሰው ሰብሮት ከሆነ «ኪሜቩንጅዋ»። ሁለተኛው «ማነው የሰበረው?» የሚል ጥያቄ ይጠራል። ሰው ቤት ተጋብዛችሁ ኩባያ ከእጃችሁ ከወደቀ የመጀመሪያዋን ነው የምትሉት።

ደሞ ወሬ ስታወሩ። እኛ «ገበያ ሄጄ፣ ሙዝ ገዝቼ፣ ቤት ተመለስኩ» ስንል ሙሉው ግስ መጨረሻ ላይ ነው፣ የፊተኞቹ ተንጠልጥለው ይጠብቁታል። ስዋሂሊ ግልባጩ ነው፣ የመጀመሪያው ሙሉ ይሆንና ሌሎቹ በካ ይከተላሉ፦ «ኒሊኤንዳ ሶኮኒ፣ ኒካኑኑአ ንዲዚ፣ ኒካሩዲ ኙምባኒ»። የዓረፍተ ነገሩም ቅደም ተከተል እንደዚሁ ይገለበጣል፣ ግሱ መሃል ነው፣ ቅጽል ከስሙ በኋላ ነው። «ጥሩ መጽሐፍ» ሳይሆን «መጽሐፍ ጥሩ»፣ ኪታቡ ኪዙሪ።

እና ደረስን። ለምን «ኪዙሪ» ሆነ? ጥሩ ማለት ዙሪ ብቻ ነው፣ ኪ ከየት መጣች? ከኪታቡ ነዋ። እኛ ጋር ስም ወንዴ ወይ ሴቴ ነው፣ «ይሄ መጽሐፍ ጠፋ»፣ «ይቺ ከተማ አደገች»፣ ማለትም ስሙ ሌላውን ቃል እንደሚያስገድድ እናውቃለን፣ ስዋሂሊ ጋር ግን ጾታ ሳይሆን ምድብ ነው የሚያስገድደው፣ ደግሞ የሚያስገድደው ግሱን ብቻ አይደለም፣ ቅጽሉንም ቁጥሩንም «የኔ»ንም «ይሄ»ንም «የ»ንም ነው።

ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፦ «ኪሱ ቻንጉ ኪካሊ ኪሜፖቴአ»። ስለታሙ ቢላዬ ጠፋ። ኪ፣ ቻ፣ ኪ፣ ኪ። ቻ ማለት ኪ እና አ ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ ነው። ወደ ብዙ ስትቀይሩት ሁሉም አብሮ ይዞራል፦ «ቪሱ ቭያንጉ ቪካሊ ቪሜፖቴአ»። ይሄን ሕግ ብሎ ከመሸምደድ እንደ ዜማ መስማት ይሻላል፣ የመጀመሪያው ቃል ድምፅ ይሰጣል ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ልክ እንደ ዘፋኝና ተቀባይ።

አሁን ምድቦቹን በሚጠቅመው ቅደም ተከተል። መጀመሪያ የሰው፣ ም እና ዋ፦ ምቱ ሰው፣ ዋቱ ሰዎች፣ ሟሊሙ አስተማሪ፣ ዋሊሙ አስተማሪዎች። ግሱ ላይ ለአንድ አ፣ ለብዙ ዋ። የኛ ስም ራሱ እዚህ ገብቷል፣ ሀበሻን «ምሃቤሺ» ብዙውን «ዋሃቤሺ» ይሉታል፣ የኢትዮጵያ የድሮ ስሟ ደግሞ በስዋሂሊ «ኡሃቤሺ» ነው፣ አንድ ሥር ሦስት ቃል! ስዋሂሊም ራሱ እንደዛ ነው፣ ምስዋሂሊ ሰውየው፣ ዋስዋሂሊ ሕዝቡ፣ ኪስዋሂሊ ቋንቋው።

ሁለተኛ ኪ እና ቪ፣ ዕቃ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ኪታቡ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ እኛ ክታብ የምንለው ዘመዱ ነው፣ ዐረብኛው ላይ ኪ የሥሩ አካል ነበረች፣ ስዋሂሊ ግን የራሱን ኪ መሰለውና ብዙውን ቪታቡ አለው። አደባባይንም «ኪፕ ሌፍት» (ግራህን ያዝ) ከሚለው የእንግሊዝኛ የትራፊክ ምልክት ወስደው «ኪፕሌፍቲ» ብለው ብዙውን «ቪፕሌፍቲ» ያደርጉታል። ይሄ የሚነግራችሁ ተናጋሪው በጆሮው እንጂ በሰዋስው መጽሐፍ እንደማይመድብ ነው፣ እናንተም እንደዛው አድርጉ።

ሦስተኛ በን የሚጀምሩትና ቅጥያ የማይታይባቸው፣ ንዲዚ፣ ኙምባ፣ ሳአ (ሰዓት)፣ አብዛኛው የውጭ ቃልም እዚህ ይወድቃል። ስሙ በአንድም በብዙም አይቀየርም፣ ብዛቱ የሚታወቀው ከተከታዮቹ ነው፣ «ሳአ ያንጉ ኢሜፖቴአ» አንድ ሰዓት፣ «ሳአ ዛንጉ ዚሜፖቴአ» ብዙ። ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ አቆጣጠራቸው የኛው ነው፣ «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ፈረንጅ 8 የሚለው። ቀጠሮ ስትይዙ ስድስት መደመርና መቀነስ የለም፣ እንደ ሀገራችሁ ነው።

አራተኛ ጂ እና ማ። ጂቾ ዓይን፣ ማቾ ዓይኖች፣ ቱንዳ ፍሬ፣ ማቱንዳ ፍራፍሬ፣ ጋሪ መኪና፣ ማጋሪ መኪኖች። ግሱ ላይ ሊ እና ያ፦ «ጋሪ ላንጉ ሊሜሃሪቢካ» መኪናዬ ተበላሸ፣ «ማጋሪ ያንጉ ያሜሃሪቢካ»። ይቺን የተማርኩት ካሪያኮ ገበያ ነው፣ ዳሬሰላም። ብርቱካን እየመረጥኩ ሻጯን ሴትዮ «ማቹንጓ ሂዚ ኒ ቤይ ጋኒ?» አልኳቸው፣ እነዚህ ብርቱካኖች ስንት ናቸው ለማለት። ዋጋውን ከመናገራቸው በፊት ፈገግ ብለው «ሃያ፣ ምዋናንጉ። ማቹንጓ ሃያ» አሉኝ፣ ከዛ ከጎን ያለውን ሙዝ ነክተው «ንዲዚ ሂዚ»፣ ተመልሰው ብርቱካኑን ነክተው «ማቹንጓ ሃያ»። ልጄ ብለው ነው የጠሩኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፣ እስካሁን ግን ሃያና ሂዚን የምለየው በእጃቸው ነው። ስለዚህ ምክሬ፣ ገበያ ውስጥ ተማሩ፣ ፍራፍሬ በደንብ ይለያል፣ ብርቱካን ማ ነው፣ ሙዝ ን ነው፣ ጣፋጭ (ታሙ) ስትሉ «ማቹንጓ ማታሙ» ግን «ንዲዚ ታሙ»።

አምስተኛ ም እና ሚ፣ ዛፍና ሌላም ብዙ ነገር፣ ምቲ፣ ሚቲ፣ ምካቴ (ዳቦ)፣ ሚካቴ፣ ግሱ ላይ ኡ እና ኢ። ከሰው ምድብ ጋር አታምታቱት፣ ስሙ ሁለቱም ላይ ም ነው፣ «ምቶቶ አሜአንጉካ» ልጁ ወደቀ፣ «ምቲ ኡሜአንጉካ» ዛፉ ወደቀ። ስድስተኛ ኡ፣ ረቂቅ ነገርና አንዳንድ ቀጫጭን ረጃጅም ዕቃ። ሞጃ አንድ፣ ኡሞጃ አንድነት። ዙሪ ጥሩ፣ ኡዙሪ ውበት። ኡሁሩ ነፃነት። የታንዛንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ በ1967 እ.ኤ.አ. በአሩሻ መግለጫ ያወጁት ኡጃማም ከዚሁ ነው፣ ጃማ ቤተሰብ ወይ ዘመድ ሲሆን ኡ ሲገባበት ቤተሰብነት ይሆናል።

እንስሳ ላይ አንድ ነገር አለ። ሲምባ (አንበሳ) በቅርፁ የን ምድብ ነው፣ ግን ነፍስ ስላለው እንደ ሰው ነው የሚሄደው፣ «ሲምባ ምኩብዋ አሜላላ»፣ ትልቁ አንበሳ ተኝቷል። የም ቅጥያ በሌለበት የዘመድና የወዳጅ ስም ላይ ደግሞ ግሱ የሰው ሆኖ «የኔ» ግን የን ምድብ ይሆናል፣ «ራፊኪ ያንጉ አሜኩጃ» ጓደኛዬ መጣ፣ «ባባ ያንጉ» አባቴ።

ቁጥር ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። ከ1 እስከ 5 እና 8 ምድብ ይከተላሉ፣ ቪታቡ ቪዊሊ፣ ቪታቱ፣ ቪኔ፣ ቪታኖ። 6፣ 7 እና 9 ግን ንቅንቅ አይሉም፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ቲሳ። ለምን? እነዚህ ሦስቱ ከዐረብኛ የገቡ ናቸው፣ የግዕዙን ሰድስቱ፣ ሰብዓቱ፣ ተስዓቱ አስታውሱ፣ ዘመዶቻችን ናቸው። 10ም፣ ኩሚ፣ የነሱው ሆኖ አይቀየርም። ቅጽልም እንደዛ ነው፣ ሳፊ (ንጹህ)፣ ጋሊ (ውድ)፣ ራሂሲ (ቀላል) ከዐረብኛ ስለሆኑ ምንም አይለጠፍባቸውም።

ምድቡ ግስ መሃልም ይገባል፣ እዚህ አማርኛችን እንደገና ይረዳናል። «መጽሐፍ ገዛሁ» እና «መጽሐፉን ገዛሁት» ይለያያሉ አይደል? «ኒሜኑኑአ ኪታቡ» የመጀመሪያው ነው፣ «ኪታቡ ኒሜኪኑኑአ» ሁለተኛው፣ የኛ ት የነሱ ኪ ሆነች። ለብርቱካኖቹ ኒሜያኑኑአ፣ ለሙዞቹ ኒሜዚኑኑአ። ሰው ሲሆን ደግሞ መተው አይቻልም፣ ሁሌ ይገባል፣ «ኒሜምዎና ሟሊሙ»፣ አስተማሪውን አይቼዋለሁ። «የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለውም ባንድ ግስ ያልቃል፣ «ኪታቡ ኒሊቾኑኑአ»፣ ቾ የምትለዋ የኛን የ ሥራ ትሠራለች፣ ለቪታቡ «ኒሊቭዮኑኑአ»።

እንዴት ትለማመዱታላችሁ? ስም ስትጽፉ ብቻውን አትጻፉት። «ኪታቡ» ሳይሆን «ኪታቡ ቻንጉ፣ ቪታቡ ቭያንጉ» ብላችሁ ጻፉ፣ ምድቡን ሳታስቡት አብሮ ይገባል። መዝገበ ቃላት ላይ ግስ ስትፈልጉ ፊት ያለውን ሁሉ ገፍፋችሁ ሥሩን ፈልጉ፣ ሃዋታኩኑኑሊአን በኑኑአ እንጂ በሃ አታገኙትም። ናይሮቢ ከሆናችሁ መንገድ ላይ ብዙ ሰው ምድቡን እንደመጣለት ነው የሚለው፣ ትግባባላችሁ፣ ጆሯችሁ ግን ይደባለቃል፣ ስለዚህ ሬዲዮ ዜና ስሙ፣ በተለይ የታንዛንያ። መደበኛው ስዋሂሊ የተመሠረተው በዛንዚባር ንግግር ላይ ነው፣ አጥርቶ ይነገራል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ስዋሂሊ የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ስለሆነ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚማረውም የሚሠራበት ቦታ አለው።

እስቲ አሁን ወረቀት አውጡና «ጠፋብኝ» ለማለት አራቱን ሞክሩ፦ ልጄ፣ ቁልፌ (ኡፉንጉኦ)፣ ቦርሳዬ (ምኮባ)፣ ሰዓቴ፣ መጀመሪያ በአንድ ከዛ በብዙ። ሳታዩ ጻፉና ከዚህ ጋር አመሳክሩ። ምቶቶ ዋንጉ አሜፖቴአ፣ ዋቶቶ ዋንጉ ዋሜፖቴአ። ኡፉንጉኦ ዋንጉ ኡሜፖቴአ፣ ፉንጉኦ ዛንጉ ዚሜፖቴአ። ምኮባ ዋንጉ ኡሜፖቴአ፣ ሚኮባ ያንጉ ኢሜፖቴአ። ሳአ ያንጉ ኢሜፖቴአ፣ ሳአ ዛንጉ ዚሜፖቴአ።